የደም ምርመራ ከኪስ ከፍለው ለሚያሠሩ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ገጽ ላይ የምርመራ ዋጋ አልጻፍንም። የሪኤጀንት (ለምርመራው የሚጠቅመው ኬሚካል) ዋጋ በተነሣ ቁጥር አብሮ ስለሚነሣ ዛሬ የጻፍነው ለከርሞ ያሳስታል። ደግሞም የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው አንዱ ላብራቶሪ ከሌላው ስለሚወደድ ብቻ አይደለም። ያላስፈለገ ምርመራ፣ ያለ ዝግጅት የተቀዳ ደምና የጠፋ ውጤት የሚበሉት ይበልጣል።

ከየት ልጀምር?

ከሰፈርዎ ጤና ጣቢያ። ካርድ ያወጣሉ፣ ተመላላሽ ክፍል ባለሙያ ያይዎታል፣ የላብራቶሪ መጠየቂያ ወረቀት ይጻፍልዎታል። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ገንዘብ ተቀባይ ይሄዳል። አይሂዱ። መጀመሪያ ወረቀቱን ለላብራቶሪው መስኮት ያሳዩና «እነዚህ ሁሉ ዛሬ ይሠራሉ?» ብለው ይጠይቁ። ሪኤጀንት አልቆ ወይም ማሽን ቆሞ ከሆነ ሳይከፍሉ ያውቁታል፤ ከከፈሉ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጤና ጣቢያ ሽንት፣ ሰገራ፣ የወባ ደም ምርመራ፣ ሄሞግሎቢን፣ በጣት የሚለካ ስኳርና የመሳሰሉትን ይሠራል። የሲቢሲ (የደም ሴሎችን የሚቆጥር) እና የኬሚስትሪ (በደም ያሉ ኬሚካሎችን የሚለካ) ማሽን ያላቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ኩላሊት፣ ጉበት፣ ኮሌስትሮልና የእንቅርት ሆርሞን ብዙ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ግል ላብራቶሪ ይወስዳሉ። ፈለገ ሕይወትና በአዴት መንገድ በኩል ያለው ጥበበ ግዮን ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ናቸው፤ ለአንድ የስኳር ምርመራ እዚያ ተሰልፎ መዋል ግን ሥራ መፍታት ነው።

ሐኪም ሳያየኝ በቀጥታ የግል ላብራቶሪ ብሄድስ?

ብዙዎቹ ይሠሩልዎታል። የሐኪም መታያ ብር ተረፈ ማለት ግን አይደለም፤ ምን እንደሚመረመሩ ካላወቁ ያንን ብር በሁለት አላስፈላጊ ምርመራዎች ይከፍሉታል። በቀጥታ መሄድ የሚያዋጣው ክትትል ላይ ላለ ሰው ነው። ሐኪሙ «በሦስት ወር ኤችቢኤዋንሲና ክሬአቲኒን አሠርተህ ና» ካለዎት (የመጀመሪያው የስኳር፣ ሁለተኛው የኩላሊት ምርመራ ነው) ውጤቱን ይዘው ይቀርባሉ፤ አንድ ምልልስ ቀነሰልዎት።

«ፉል ቼክአፕ» ማሠራት ጥሩ አይደለም?

ምንም የማያምመው ሰው 20 ምርመራ በአንድ ጊዜ ማሠራቱ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያስወጣው ይበዛል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በውጤት ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ የተቀመጠው ክልል ከጤነኛ ሰዎች 95 ከመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ የተወሰነ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምርመራ ከ20 ጤነኛ ሰዎች አንዱ ከክልሉ ይወጣል። አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያሠራ ቢያንስ አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የመገኘት ዕድሉ 64 ከመቶ ገደማ ነው። ከዚያ «ይደገም»፣ ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ጭንቀት ይከተላል፤ ሰውየው ግን መጀመሪያም ደኅና ነበር።

ጥቅል የሚገዛ ከሆነ በውስጡ ያሉትን በስም ያስነብቡ። ከጥቅሉ የሚያስፈልግዎ ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ሦስቱን ለየብቻ ማሠራት ሊረክስ ይችላል።

ታዲያ ምን ልመርመር?

ዕድሜዎ ከ40 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከመጠን ያለፈ ክብደት ካለዎት፣ ወይም በቤተሰብ ስኳር ካለ፣ ጾም አድረው የሚሰጡት የስኳር ምርመራ ይቅደም። ውጤቱ በሚሊግራም ከ100 በታች ከሆነ ለሦስት ዓመት ያህል መድገም አያስፈልግም። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር የሚያዘነብል ነው፤ በየዓመቱ ይታያል። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምልክት ለሌለው ሰው በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል እንጂ በአንድ ውጤት «ስኳር አለብህ» አይባልም። ደም ግፊትም ይለኩ፤ ደም ስለማይቀዳበት ሰው ይንቀዋል እንጂ ከብዙ የላብራቶሪ ወረቀት ይልቅ ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው።

ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው በዓመት አንዴ ክሬአቲኒን፣ የሽንት ፕሮቲንና ኮሌስትሮል ይበቃዋል። የስኳር ታካሚ ኤችቢኤዋንሲውን መድኃኒት በተቀየረ ጊዜ በየ3 ወሩ፣ ከረጋ በኋላ በየ6 ወሩ ያሠራል። ይህ ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስለሚያሳይ በየወሩ ማሠራት ብር መጣል ነው። ከባድ የደም ማነስ ያለበት፣ በቅርቡ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ላይ ደግሞ ይሳሳታል።

ትንንሽ የሚመስሉ፣ ግን ሲደመሩ የሚታወቁ ቅነሳዎችም አሉ፦

- ሲቢሲ ካሠሩ ሄሞግሎቢንና ሄማቶክሪት በውስጡ አሉ፤ ለብቻ አይክፈሉ።
- ለኩላሊት ክትትል አብዛኛውን ጊዜ ክሬአቲኒን ይበቃል፤ ዩሪያ (ቢዩኤን) የግድ አይደለም። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም ከክሬአቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ በስልክ ማስያ ይሰላል፤ ለዚያ የሚከፈል የለም።
- እንቅርትን በተመለከተ መጀመሪያ ቲኤስኤች (እንቅርትን የሚያዝዘው ሆርሞን) ብቻ። እሱ ከተዛባ ነው ቲ4፣ አንዳንዴም ቲ3 የሚጨመረው። ሐኪሙ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ከጻፈ «ቲኤስኤቹን አይተን ብንቀጥልስ?» ማለት ነውር አይደለም።
- ኤልዲኤል («መጥፎው» ኮሌስትሮል) ለብቻው የሚያስከፍል ከሆነ በሒሳብ ያግኙት፦ ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን («ጥሩውን») ይቀንሱ፣ ትራይግሊሰራይድን (ሌላውን የደም ቅባት) ለ5 አካፍለው እሱንም ይቀንሱ። ጠቅላላው 200፣ ኤችዲኤል 45፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ከሆነ ኤልዲኤል 125 ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ግን ሒሳቡ አይሠራም።
- ዩሪክ አሲድ የሪህ ምልክት ለሌለው ሰው አያስፈልግም።

ትኩሳት በያዘኝ ቁጥር «ታይፎይድና ታይፈስ» ይታዘዝልኛል። ልክፈል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በከተማችን ብዙ ብር የሚወጣበት ነውና።

የአንጀት ተስቦን (ታይፎይድን) ለመለየት የሚሠራው ዊዳል፣ ለተስቦ (ለታይፈስ) የሚሠራው ዌል ፌሊክስ ይባላል። ሁለቱም ጀርሙን አያገኙም፤ ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልጉት። አንቲቦዲ ደግሞ ካለፈ ሕመም ይቀራል፣ ከክትባት ይመጣል፣ በሌላ ኢንፌክሽንም ይነሣል። እንደ እኛ በሽታው በሚዘወተርበት አካባቢ ብዙ ጤነኛ ሰው ቢመረመር «ፖዘቲቭ» ይወጣል። በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት ደግሞ አንቲቦዲው ገና ስላልተሠራ በእርግጥ የታመመውም «ኔጌቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ዊዳል ትርጉም የሚኖረው ከ7 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ መጠኑ በአራት እጥፍ ሲጨምር ነው፤ ሁለተኛውን የሚያሠራ ግን የለም። አንድ ጊዜ የአንቲቦዲው መጠን «1 ለ 80» ተብሎ ተጽፎ አንቲባዮቲክ መጀመር ምርመራ ሳይሆን ግምት ነው። እርግጠኛው መንገድ የደም ካልቸር (ጀርሙን ከደም አሳድጎ ማየት) ሲሆን እሱም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት መቀዳት አለበት።

በጣና ዳር ትኩሳት ሲይዝ፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ወባ ነው። ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ፦ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ኪትና በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ፊልም። ርካሽ ከሆኑት ምርመራዎች አንዱ የሆነው ፊልም አንድ ብልጫ አለው፤ ወባን ብቻ ሳይሆን ግርሻንም (በቅማል የሚተላለፈውን የትኩሳት በሽታ) ያሳያል። ኪቱ ግርሻን ፈጽሞ አያይም። በጠባብ ክፍል ተጨናንቆ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ወይም የቆሎ ተማሪ ትኩሳት ከያዘው «ፊልም ይታይልኝ» ይበል።

ለጨጓራስ የትኛው ይሻላል?

የሰገራው። በደም የሚሠራው የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራው ባክቴሪያ) አንቲቦዲ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊቆይ ስለሚችል «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው እንደገና መድኃኒት የሚገዙ አሉ። የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያው የራሱ ቅንጣት) አሁን ያለውን ያሳያል። ኦሜፕራዞልና የመሳሰሉትን የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎች ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክን 4 ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ኔጌቲቭ ይወጣል።

ሳልበላ መምጣት ያለብኝ ለየትኛው ነው?

ለጾም ስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ለትራይግሊሰራይድ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። ከምሽቱ 2 ሰዓት እራት በልቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደም የሰጠ ሰው 12 ሰዓት ሞላው፤ ከዚያ በላይ መቆየት አያስፈልግም። ለሲቢሲ፣ ለክሬአቲኒን፣ ለጉበት፣ ለኤችቢኤዋንሲ፣ ለቲኤስኤች፣ ለደም ዓይነት ምግብ ተከለከለ የሚል የለም። በባዶ ሆድ ከሽምብጥ እስከ ጤና ጣቢያው ተጉዘው «ሲቢሲ ብቻ ነው» የሚባሉ እናቶች ያሳዝናሉ።

ውሃ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይመከራል። ውሃ የጠማው ሰው ሥሩ አይገኝም፣ ሄሞግሎቢኑና ዩሪያው ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። ቡና ግን ስኳር ባይኖረውም ይቅር። ጫትም እንዲሁ፤ አረቄና ጠላ ደግሞ ከምርመራው በፊት ሦስት ቀን ያህል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ውሃም ስለማይቀምስ ደሙን ጠዋት ሰጥቶ ቢጨርስ ነው የሚሻለው። በረመዳን ለሱሑር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የበላ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ደም ቢሰጥ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆነዋል፤ ማፍጠሪያ ድረስ መጠበቅ የለበትም።

ዐቢይ ጾምን የጾመ ሰው ኮሌስትሮሉ ከወትሮው ዝቅ ሊል፣ በፋሲካ ማግሥት ደግሞ ትራይግሊሰራይዱ ሊሰቀል ይችላል። ብዙ ሥጋ መብላት ክሬአቲኒንንና ዩሪክ አሲድንም ከፍ ያደርጋል። ያምናውን ከዘንድሮው ለማነጻጸር ሁልጊዜ በተመሳሳይ ወቅት ይመርመሩ፤ ከዶሮ ወጡ ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ይራቁ።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ኪኒናቸውን ይዘው ይምጡና ደም ሰጥተው ቁርስ ሲበሉ ይውሰዱት። ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ መንገድ መጀመር አደገኛ ነው፤ ስኳሩ ወርዶ ወረፋ ላይ የሚወድቅ አለ።

ናሙናዬ በትክክል እንደተቀዳ በምን አውቃለሁ?

የቱቦውን ክዳን ይዩ። ሐምራዊው ለሲቢሲና ለኤችቢኤዋንሲ ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ስላለበት ወዲያው ቀስ ብሎ ስምንት አሥር ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ ካልተገለበጠ ይረጋና ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) በሐሰት ዝቅ ይላል። ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ለኩላሊት፣ ለጉበት፣ ለኮሌስትሮልና ለሆርሞን ነው። የሐምራዊው ደም ወደ ቀዩ ከተገለበጠ ፖታሲየም በሐሰት ይሰቀላል፣ ካልሲየም ይወርዳል።

ክንድዎ ላይ የሚታሰረው ጎማ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ መዳፍዎንም እየጨበጡ እየለቀቁ አይጫወቱ። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ተገፍቶ ቱቦ ውስጥ ከገባ ወይም ቱቦው ከተናጠ ቀይ ሴሎች ይፈነዳሉ፤ ፖታሲየምና ኤኤስቲ (ከጉበት ምርመራዎች አንዱ) ከፍ ይላሉ። በዚህ ምክንያት «ደሙ ተበላሽቷል» ተብለው ቢጠሩ ዳግመኛ ሊያስከፍሉዎት አይገባም። ደረሰኙን ይያዙ።

ከሁሉ የሚብሰው መዘግየት ነው። ሴሎቹ ከፈሳሹ ባልተለዩበት ደም ውስጥ ሴሎቹ ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ፤ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 ከመቶ ይቀንሳል። 130 የነበረ ስኳር ማሽን ጋ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ቢደርስ 110 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ ስኳር ያለበት ሰው «ደኅና ነህ» ተብሎ ይመለሳል ማለት ነው። ደምዎ እዚያው እንደሚሠራ ወይም ወደ ሌላ ቦታ እንደሚላክ ይጠይቁ። ከተላከ በግራጫ ክዳን ቱቦ መቀዳት ወይም ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ (ደሙን አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) መለየት አለበት።

ከዘጌ፣ ከደቅ ወይም ከሩቅ ገጠር ለምንመጣ?

ጾም የሚፈልግ ምርመራ ካለ ማታውን ከተማ ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል፤ ጀልባ ጠብቆ ረፋድ 5 ሰዓት የደረሰ ሰው ጾሙም ረዝሞ፣ የጠዋት ናሙና መቀበያውም አልፎት ይቆያል። ሁሉንም በአንድ መርፌ ያስጨርሱ። ብዙ ላብራቶሪ የተረፈውን ሴረም (ከሴሎቹ የተለየውን የደም ፈሳሽ) ለጥቂት ቀናት በማቀዝቀዣ ስለሚያኖር ሐኪሙ አንድ ነገር ቢጨምር በዚያው ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሌላ መርፌና ሌላ ትራንስፖርት ይቀራል።

ዓሣ አስጋሪ፣ ታንኳ ቀዛፊ ወይም ጣና ውስጥ የሚዋኝ ልጅ ሲቢሲው ላይ ኢኦሲኖፊል (አንዱ የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ከፍ ቢል ውድ የአለርጂ ምርመራ ከማሰብ በፊት ሰገራ ያሠራ። በሐይቁ ዙሪያ ቢልሃርዚያ (ከውሃው የሚይዝ ጥገኛ ትል) አለ።

በነጻ የሚሠራ የለም?

አለ። የኤችአይቪና የቲቢ ምርመራ፣ እንዲሁም የነፍሰ ጡር ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ናቸው። ጤና ኬላም ወባን በኪት ይመረምራል። የዓለም የስኳር ቀን በሚውልበት በኅዳር መጀመሪያ አካባቢ አንዳንድ ጊዜ ነጻ የስኳርና የግፊት ልኬት ይደረጋል።

ደም የሚለግስ ሰው (ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ በየሦስት ወሩ) የደም ዓይነቱን ያውቃል፤ ደሙም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። «ልመርመርበት» ብሎ ብቻ ደም መለገስ ግን አይገባም፤ በቅርብ የተያዘ ሰው ምርመራው ሳይዘው ሊያልፍና ደሙ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።

ጤና መድን ባወጣስ?

ደመወዝተኛ ካልሆኑ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዓመት አንዴ ለመላው ቤተሰብ የሚከፈል ነው። ስኳር ወይም ግፊት ላለበት ቤት ሒሳቡ ብዙ አያከራክርም። ምዝገባና እድሳት በተወሰኑ ወራት፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ያለፈው ይጠብቃል። ቀበሌ አቅም የላቸውም ብሎ የለያቸው ቤተሰቦች መዋጮው ይሸፈንላቸዋል። የሚሸፍነው ባለሙያ ያዘዘውን ነው፤ በራስ ፍላጎት የሚደረግ ቼክአፕ ላይ አይቁጠሩ። ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፣ ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል አይሂዱ። የታዘዘው ምርመራ «የለም» ከተባለ ወደ ውጭ ከመውጣትዎ በፊት የመድን ክፍሉን ያነጋግሩ።

የግል ላብራቶሪዎችን ዋጋ ስጠይቅ ምን ልበል?

የታዘዘልዎትን በስም ይጥሩ፤ «የጉበት ስንት ነው?» ካሉ አንዱ የሁለት፣ ሌላው የሰባት ምርመራ ዋጋ ይነግርዎታል። ካርድና የደም መቅጃ ለብቻ ይከፈል እንደሆነ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና እዚያው እንደሚሠራ ይጠይቁ። ለአሥራ አምስት ብር ልዩነት ባጃጅ ተሳፍሮ ከተማ ማቋረጥ ትርፍ የለውም።

ሁለት ላብራቶሪ የተለያየ ቁጥር ሰጡኝ። የቱን ልመን?

መጀመሪያ መለኪያውን ይዩ። ስኳር በሚሊሞል ከተጻፈ በ18 ሲባዛ ወደ ሚሊግራም ይመጣል፤ ክሬአቲኒን በማይክሮሞል ከሆነ ለ88.4 ይካፈላል። «5.5» እና «99» አንድ ናቸው። መለኪያው አንድ ሆኖ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ማሽን ከማሽን ይለያያል። ለዚህ ነው ክትትል በአንድ ላብራቶሪ ይሁን የምንለው። ውጤቱን ከነመለኪያውና ከነኖርማል ክልሉ በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ የጠፋ ወረቀት ማለት የሚደገም ምርመራ ነው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከቆላው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ግሉኮሜትር ገዝቶ ቤት መለካት ያዋጣል?

ኢንሱሊን ለሚወስድ አዎን። ለሌላው ከማሽኑ ይልቅ የስትሪፑን ዋጋና እዚህ ከተማ መገኘቱን አስቀድመው ያጣሩ፤ ከውጭ በስጦታ መጥቶ ስትሪፕ የሌለው ማሽን በየቤቱ አለ። ጥሩ ማሽንም ከላብራቶሪ እስከ 15 ከመቶ ሊለያይ ይችላል። ጣትዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ማንጎ የላጠ ጣት 100 የነበረውን 200 ሊያደርገው ይችላል። የስትሪፑ ዕቃ ክፍት አይደር፣ ፀሐይም አይምታው።

አሁን ብር የለኝም፤ ባቆየውስ?

የኮሌስትሮል፣ የቲኤስኤች ክትትልና የዓመት ቼክአፕ አንድ ወር ቢዘገዩ አደጋ የላቸውም። ትኩሳት ያለበት ሕፃን የወባ ምርመራ፣ ነፍሰ ጡር ላይ የታየ የፊት እብጠት ወይም ከባድ ራስ ምታት፣ የሚያስመልሰውና በጥልቅ የሚተነፍስ የስኳር ታካሚ፣ ሽንቱ የጠፋበት ሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ግን አንድ ቀን አያድሩም። እነዚህን ይዘው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፤ ካርድና ክፍያው ሌላ ሰው እየተሯሯጠ ይደርሳል።